ከአውጫጭኝ የቀረው

ድንበሩን ከተሻገርኩ ወዲህ አንድም ቀን ዩኒፎርም ለብሼ አላውቅም፤ ሰው ሲጣላ ግን አሁንም የሚሮጠው ወደ እኔ ነው። በመተማ በኩል ስንወጣ ባለቤቴ የፖሊስ ልብሴን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ ለእህቷ ሰጥታ ነው የመጣችው። መለዮው ቀረ፣ ማዕረጉ ቀረ። ፊቴ ላይ ምን እንደ ተጻፈ እንጃ፣ በባሱንዳ በኩል ከአንድ ሰሊጥ እርሻ ዳር ሰፍረን ብዙም ሳንቆይ የሠራተኞቹ ሽማግሌዎች መጡና "አንተ የሕግ ሰው ነበርህ አሉ፤ ጠባቂ ሁነን" አሉኝ። ደክሞኛል ብላቸው ትሕትና መሰላቸው።

ትሕትና አልነበረም። በአገሬ ጢሜ እስኪሸብት የወረዳ ፖሊስ ሆኜ ኖሬአለሁ። የድንበር ጠብ ገላግያለሁ፣ የሞተ ሰው ከገደል አውጥቻለሁ፣ የማምነውንም የማላምነውንም ሰው አስሬ ፍርድ ቤት አቅርቤአለሁ። ፖሊስ የሰውን ክፉ ቀን ብቻ ነው የሚያየው፤ ሠርግ የሚጠራው እንኳ ጠብ እንዳይነሣ ነው። እዚህ ስመጣ የተመኘሁት ማንም የማያውቀኝ ሰው ሆኜ ሰሊጥ ማጨድ ነበር። ሰሊጡንም አጨድኩ፣ ጥበቃውም አልቀረልኝም።

እኛ ከምቦ የምንለው የእርሻ ሠራተኛ የሚያድርበትን ሰፈር ነው። ከሣርና ከሸራ የተሠሩ ዳሶች ናቸው፤ በመከር ይሞላሉ፣ መከሩ ሲያልቅ ይበተናሉ። ግማሹ ሰው እንደኔ ቤተሰብ ይዞ የከረመ የጎንደር ሰው ነው። ግማሹ ደግሞ ለመንገዱ ስንቅ የሚሆነውን ሠርቶ ወደ ሌላ አገር የሚያልፍ ወጣት ነው፤ ወረቀት የለው፣ ዘመድ የለው። ጦርነቱ የሱዳንን አገር ከበተነው ወዲህ በአቅራቢያችን ያለው ፖሊስ ጣቢያ የቀረው አንድ ሻዊሽ ብቻ ነበር፤ ሻዊሽ የሚሉት እኛ ሳጅን የምንለውን ነው። በእሱ እጅ ያለው አገር ሰፊ ነው፣ መኪናው ከቆመ ቆይቷል። የከምቦውን ነገር ለእኛ ለሦስት ጠባቂዎች ትቶልን ነበር። እኛም ችግር ሲጠና ብቻ ወደ እሱ እንሄዳለን።

እሑድ እሑድ መምሬ ይመጡ ነበር። ከብዙ ዓመት በፊት በአገራችን በነበረው ጦርነትና ረሃብ ገና በጉብዝናቸው ተሰደው ገዳሪፍ የቀሩ አረጋዊ ቄስ ናቸው። በአህያ ጋሪ እየተንገጫገጩ ይመጡና ክርስቲያኑን ያጸልያሉ። ከዚያ እኛን ጠባቂዎቹን ከግራሩ ሥር ለብቻችን ያስቀምጡናል። "የናንተ ሥራና የኔ ሥራ አንድ ነው፤ ሰው ደኅና ሲሆን ማንም አይፈልገን" ይሉናል። ከሦስታችን አንዱ እስላም ነው። እሱም ከእኛ ጋር ይቀመጥና መምሬ የሚያመጡትን ተምር እየበላ ያዳምጣል።

ለሕግ አስከባሪ የሚሆን ቃል ከመጽሐፍ እየፈለጉ ነበር የሚያመጡልን። ወታደሮቹ ወደ መጥምቁ መጥተው እኛስ ምን እናድርግ ብለው እንደ ጠየቁት፣ እሱም ማንንም አትግፉ፣ በሐሰት አትክሰሱ፣ ደመወዛችሁ ይብቃችሁ እንዳላቸው ነገሩን። እኛ ደመወዝ ስለሌለን የመጨረሻው ቀለለን። ሌላ ቀን ደግሞ ከተማን እግዚአብሔር ካልጠበቃት የጠባቂው ትጋት ከንቱ ነው አሉን። እስላሙ ጓደኛችን "እንግዲያ እኛ እንተኛ" ብሎ መምሬን ራሳቸውን አሳቃቸው።

ደጋግመው የሚያመጡት ግን የወህኒ ጠባቂውን ታሪክ ነበር። ሐዋርያቱን ከተገረፉ በኋላ ተቀብሎ እግራቸውን በግንድ ያጣበቀው ሰውዬ። ምድር ተናወጠች፣ የወህኒው በር ሁሉ ተከፈተ፤ ጠባቂው ነቅቶ በሩን ክፍት ሲያየው እስረኞቹ ያመለጡ መሰለውና ሰይፉን መዘዘ፣ ራሱን ሊገድል። ያን ጊዜ ከውስጥ ከጨለማው ድምፅ መጣ። ራስህን አትጉዳ፣ ሁላችንም አለን የሚል። ሰውዬው እየተንቀጠቀጠ አወጣቸው፣ ቤቱ ወሰዳቸው፣ ቁስላቸውን አጠበላቸው፣ አበላቸው። መምሬ እዚህ ሲደርሱ ሁልጊዜ እጃቸውን እንደሚታጠብ ሰው ያሻሻሉ።

ሌሎቹ ደስ ይላቸዋል፤ እኔን ግን ያ ታሪክ ያናድደኝ ነበር። ሰውዬው ሰይፉን ለምን እንደ መዘዘ እኔ አውቃለሁ፤ እስረኛ ያመለጠበት ጠባቂ በእስረኛው ቦታ ይገባል። ያልገባኝ ሌላ ነው፤ አንድ ቀን ጠየቅኳቸው።

"መምሬ፣ በነጋታው ዳኞቹ ፍታቸው ብለው ላኩበት። አትፍታ ብለው ቢልኩበትስ? አጥቦ፣ ራት አብልቶ፣ መልሶ እግራቸውን ሊያጣብቅ ነበር?"

"እሱ አልተጻፈም" አሉኝ።

"ባይጻፍም ሰውዬው ሳያስበው አልቀረም። የኛ ሥራ እኮ በነጋታው ነው።"

መምሬ በትራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ሲነሡ ጉልበታቸው ይንቋቋል። "አስቦትም ቢሆን ማጠቡን አልተወም" አሉኝና ወደ ጋሪያቸው ሄዱ። መልስ ነው ብዬ አልተቀበልኩትም።

ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው በቆመበት ሰሞን የትራክተሩ ባትሪ ጠፋ። ለሌላ ሰው ቀላል ነገር ይመስላል። ለከምቦው ግን ያ ትራክተር ማለት ውሃ ነው፤ ከሩቅ ጉድጓድ በርሜል እየጎተተ የሚያመጣልን እሱ ነበር። የእርሻው ባለቤት ወኪል በፒክአፑ መጣና ከመኪናው ሳይወርድ ተናገረ። ሌባውን አውጡ፤ ካላወጣችሁ ከሻ አስጠራባችሁና ከሀዋታ ሌላ ሠራተኛ አመጣለሁ አለ። ከሻ አፈሳ ነው። ፖሊስ ሰፈሩን ከብቦ፣ ሰውን አሰልፎ፣ ወረቀት የሌለውን ሁሉ ጭኖ ይወስዳል። በዚያ ከምቦ ውስጥ ወረቀት ያለው በጣት የሚቆጠር ነው።

ሽማግሌዎቹ ተቀምጠው ተመካከሩና አውጫጭኝ ይጠራ አሉ። በአገራችን ሌባው ሳይታወቅ ሲቀር የሚደረገው ይኸው ነው። የአገሬው ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፣ ያየውንና የሰማውን በመሐላ ያወጣል፣ ነገሩ እስኪወጣም ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። ከአውጫጭኝ የቀረ ሰው ደግሞ ጥፋተኛ ነው፤ ንጹሕ ሰው ምን ብሎ ይቀራል? አባቶቻችን በዚህ ሲዳኙ ኖረዋል፣ እኔም ወረዳ እያለሁ ስንት ነገር በዚህ ሲወጣ አይቻለሁ። ፖሊስ ወር ፈልጎ ያጣውን አውጫጭኝ በአንድ ጠዋት ያወጣዋል።

በአገራችን ያ ሕግ ያስኬዳል። ሁሉም ሁሉን ያውቃል፤ አንዱ ቢታመም እናቱ መጥታ ታሟል ትላለች፣ መንገድ ቢሄድ ጎረቤቱ ይመሰክርለታል። እዚህ ግን አጠገብህ ያለው ሰው ከየት እንደ መጣ እንኳ አታውቅም። ይህ ግን ማናችንም ትዝ አላለንም፤ አውጫጭኝ ሲባል ደስ አለን። የራሳችን የሆነ ነገር ካየን ቆይተን ነበር።

በማለዳው ሰው ሁሉ ከግራሩ ሥር ተሰበሰበ። ክርስቲያኑ በእመቤታችን፣ እስላሙ በአላህ እየማለ አላየሁም አልሰማሁም አለ። ፀሐይዋ እየጠነከረች ሄደች፣ ውሃ የለም፣ ሰው መነጫነጭ ጀመረ። በኋላ አንዱ ሽማግሌ በየዳሱ ይታይ፣ የቀረ አለ ወይ አለ። አንድ ሰው ቀርቶ ነበር።

የቀረው ከወሎ የመጣ እስላም ወጣት ነበር። ከገዳሪፍ በቅርቡ ነው የመጣው፤ ከዳር ባለው ዳስ ለብቻው ያድራል፣ ከማንም ጋር ብዙ አያወራም። ስሙን የሚያውቀው ሰው ጠፋ። እኔ ራሴ የማውቀው ሲያጭድ እጁ ፈጣን መሆኑን ብቻ ነበር። "ድሮም ዝምታው አላማረኝም" አለ አንዱ፤ ከዚያ በኋላ የሚያቆመው አልነበረም። ዳሱ ባዶ ስለ ነበር ሰዉ ዱላውን እያነሣ ወደ ሰሊጡ ሮጠ። እኔም ተከትዬ ሮጥኩ፣ ግን በኔ ዕድሜ ሩጫው ሩጫ አይደለም።

ስደርስ ከነዶዎቹ መሐል አግኝተውት እጁን በሲባጎ አስረውታል። ግንባሩ ተፈንክቶ ደሙ በዓይኑ ላይ ይወርዳል፤ ከንፈሩም ተሰንጥቋል። በድሮው ድምፄ "ቁሙ!" አልኩ። "የያዝሁት እኔ ነኝ። ለሕግ የምሰጠውም እኔ ነኝ።" ድምፄ አሁንም መሥራቱ ለራሴም ገረመኝ። እጃቸውን ሰበሰቡ፤ ያንን አጋጣሚ ተጠቅሜ ልጁን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።

ቤቴ የምለው ራኩባዬን ነው፣ በአራት እንጨት ላይ የቆመ የሣር ዳስ። ባለቤቴ በሩ ላይ ቆማ ከሩቅ ታየን ነበር። ያን ሰሞን ኩላሊቷ ያማት ስለ ነበር አንድ እጇ ሁልጊዜ ወገቧ ላይ ነው። ገዳሪፍ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ይዛ እኔ ልወስዳት ነበር፤ በየኬላው የሚያሳልፈን ደግሞ የኔ መታወቂያ ነው። ልጁን አየችው፣ እኔን አየችኝ።

"ፖሊስነትህን ከድንበሩ ማዶ ጥለኸው የመጣህ መስሎኝ ነበር" አለች።

ይህን ብላ ገባችና በጀሪካኑ ሥር የቀረችውን ውሃ አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠች። ለራሷ መድኃኒት መዋጫ ያስቀመጠችው ነበር። ሲባጎውን ፈታሁና በነጠላዋ ጫፍ እየነከርኩ ግንባሩን አጠብኩት። ያን ጊዜ የመምሬ ታሪክ ትዝ አለኝ ብዬ አልዋሽም። ትዝ ያለኝ የውሃው ማነስ ነበር።

"ለምን ቀረህ?" አልኩት።

"ከምኑ?"

"ከአውጫጭኙ ነዋ።"

"ተሰብሰቡ ሲሉ ከሻ መስሎኝ ነው አያ። ገዳሪፍ ላይ ተሰብሰቡ ብለው ነው ጓደኞቼን የወሰዱብኝ። ከዚያ ወዲያ ተሰብሰቡ ሲባል እግሬ አይቆምልኝም።"

"በናንተ አገር አውጫጭኝ የለም?"

"አለ እንጂ። አባቴ ሲያወራ እሰማ ነበር። እዚህ ይኖራል ብየ ግን አላሰብሁም።"

ዘመኔን ሁሉ ውሸት ስሰማ ነው የኖርኩት፤ ውሸታም ነገር ያበዛል። ይማላል፣ ያለቅሳል፣ ያልጠየቅከውን ይመልሳል። ይህ ልጅ አላበዛም። እንዳልሰረቀ አወቅኩ፤ ማወቄም ምንም እንደማይጠቅመው አወቅኩ። ከደጅ ያለው ሰው ሌባውን አግኝቷል፣ ውሃውን ይፈልጋል፣ ወኪሉም ስም ይፈልጋል። ፀሐይ በረድ ስትል ወደ ሻዊሹ ልወስደው ነው።

ሙቀቱ ከባድ ነበር፣ ከንጋት ጀምሮ ቆሜአለሁ። አልጋው ጫፍ ላይ ለአፍታ ብዬ ተቀመጥኩ፤ መተኛቴን ያወቅኩት ስነቃ ነው። ሲባጎው መሬት ላይ ወድቋል። ልጁ የለም።

የተሰማኝን ልንገራችሁ። የወህኒው ጠባቂ ሰይፉን መዘዘ፤ እኔ ተመስገን አልኩ። ንጹሕ ሰው በእጄ አሳልፌ ከምሰጥ እንቅልፍ ጥሎኝ አመለጠ ቢባል በስንት ጣዕሙ። ደረቴ ላይ የተቀመጠ ድንጋይ የተነሣልኝ መሰለኝ። ከዚያ ነው ሌላው የመጣብኝ። ሻዊሹ በእሱ ፈንታ እኔን ቢያስቀምጠኝስ? ባለቤቴን ማን ገዳሪፍ ይወስዳታል? ብድግ ብዬ ወጣሁ።

ከራኩባው ጀርባ ጥላው ላይ ተቀምጦ ለባለቤቴ ጭራሮ ይሰባብራል። በእሱ መኖር መናደዴን ሳስበው አሁንም ያሳፍረኛል።

"ምነው ሳትሄድ ቀረህ?" ብዬ ጮህኩበት።

"እዚህ የወጣሁት ማንኮራፋትዎ አላስቀምጥ ብሎኝ ነው።"

"እሱን አይደለም የምልህ!"

ባለቤቴ ከውስጥ ሆና "እኔም ሂድ ብየው ነበር፤ እምቢ አለ" አለች።

ልጁ ጭራሮውን አስተካክሎ አስቀመጠና "እኔ ብሄድ የሚይዙት እርስዎን አይደል?" አለኝ። ጫማዬን አጠለቅኩና ተነሣን።

መንገዱን ሳላስረው ነው የሄድነው። ሻዊሹ ከኒም ዛፏ ሥር ነጠላ ጫማ አድርጎ ተቀምጧል። ከጦርነቱ በፊት ቀጥ ያለ ሰው ነበር ይላሉ፤ እኔ የማውቀው ከወንበሩ ለመነሣት ሁለት ጊዜ የሚያስብ ሰው ነው። ባየኝ ቁጥር "አና ተዕባን፣ ያ ሀበሺ" ይለኛል፤ ደክሞኛል ማለቱ ነው። እኔም ደክሞኛል እለዋለሁ። ሰላምታችን እሱ ነበር። ያን ቀን ወኪሉ ቀድሞን ደርሶ አጠገቡ ተቀምጧል።

በተሰባበረ አረብኛዬ ነገሩን ዘረዘርኩለት። ስለ አውጫጭኙ፣ ከአውጫጭኝ ስለሚቀር ሰው፣ ልጁ ለምን እንደ ተደበቀ ነገርኩት። ከሻ የሚለው ላይ ስደርስ ሻዊሹ ሳቀ፤ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። "ከሻ? በምን መኪና? ነዳጁን ማን ሰጥቶኝ?" አለ። ወኪሉ ግን አልሳቀም። ሰው ይዘው አምጥተዋል፣ ይህ ሰው ያለ ምንም ከሄደ ነገ ትራክተሩን ራሱን ይወስዱታል አለ። ሻዊሹ ፊቱን በሁለት እጁ አሸት አሸት አደረገና ወደ እኔ ዞረ።

"ዳሚን ይምጣለት" አለ። ዳሚን ዋስ ነው። ዋሱ መታወቂያውን ጣቢያው ያስቀምጣል፤ ልጁ መከሩ እስኪያልቅ ሐሙስ ሐሙስ እየመጣ ይታያል፤ አንድ ሐሙስ ከቀረ ዋሱ በእሱ ቦታ ይገባል። ዋስ ከጠፋ ደግሞ ልጁ በማግሥቱ ወደ ገዳሪፍ እስር ቤት ይላካል፤ ከዚያ ወደ ድንበር ይመልሱት ወይም እዚያው ይርሱት፣ ሻዊሹም አያውቅም። ልጁ በዚያ አገር ከኔ በቀር የሚያውቀው ሰው የለውም። እኔንም የሚያውቀኝ ከዚያ ቀን ጠዋት ጀምሮ ነው።

ስለ ዋስ መጽሐፉ የሚለውን አውቃለሁ፣ መምሬ አንድ እሑድ ሁለቱንም አንሥተውልን ነበር። ጠቢቡ ለባልንጀራህ ዋስ ገብተህ እንደ ሆነ ሚዳቋ ከወጥመድ እንደምታመልጥ ራስህን አድን ይላል። ይሁዳ ደግሞ ለታናሽ ወንድሙ ዋስ ሆኖ ለአባቱ ከእጄ ፈልገው ብሎ ቆመ። እኔ ልቤ ከጠቢቡ ጋር ነበር። ልጁ መንገደኛ ነው፣ ይሄዳል፤ ሊሄድ ነው የመጣው። ለሻዊሹ ባለቤቴን ልጠይቅ አልኩትና ልጁን እዚያው ትቼ ተመለስኩ።

ነገሩን ስነግራት ቀና ብላ አላየችኝም። ምስር ትለቅም ነበር።

"ቀጠሮሽስ?" አልኳት።

"ቀጠሮው የኔ፣ ሕመሙም የኔ። ወረቀት ካላት ጎረቤታችን ጋር እሄዳለሁ።" ጥቂት ለቀመችና ቀጠለች። "የመድኃኒቴን ውሃ ያፈሰስሁበት ልጅ ነው፤ እዚያ ጥለኸው መጣህ?"

ፀሐይ ሳትጠልቅ ተመለስኩና መታወቂያዬን ሻዊሹ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። እሱም አንሥቶ የሻይ ብርጭቆው ሥር አደረገው። ወኪሉ የሚጠየቅ ሰው ካገኘ ሌላው አይገደውም፤ ሰሊጥ ደግሞ አይጠብቅም፣ ከገዳሪፍ ሌላ ባትሪ አስመጣ። የጠፋውን ማን እንደ ወሰደው እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ሐሙስ ሐሙስ ሄድን። መጀመሪያ አብሬው እሄድ ነበር፤ በኋላ ወገቤም እምቢ አለኝ፣ እሱም ብቻውን ይሄድ ጀመር። ሻዊሹ ብዙ አይጠይቀውም። ልጁ በሩ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆምና በአማርኛ "አለሁ" ይላል፤ ሻዊሹ ቀና ብሎ ያየዋል፣ በቃ። ቃሏን ከመስማት ብዛት ያዛትና እኔንም ሲያገኘኝ ደክሞኛል ማለቱን ትቶ "አለሁ" ይለኝ ጀመር። ከምቦው ውስጥም ስሜ ተቀየረ። ዋሱ ይሉኛል፤ የሚያሾፉትም የሚያከብሩትም በዚሁ ስም ነው። መምሬ በእሑዱ ታሪኩን ሰምተው ፈገግ አሉና "ታዲያ ዳኞቹ ምን ብለው ላኩ?" አሉኝ። ገና አልላኩም አልኳቸው።

ባለቤቴ ከጎረቤታችን ጋር ገዳሪፍ ደርሳ መጣች። ማስታገሻ ሰጥተው፣ ጠጠሩ በቀዶ ጥገና መውጣት ስላለበት ባልሽን ይዘሽ ነይ፣ የሚፈርም ሰው ያስፈልጋል ብለዋታል። እንግዲህ መከሩ እስኪያልቅ መጠበቅ ነው። ሲያማት እንዳልሰማት ከንፈሯን ትነክስ ነበር፤ እኔም ያልሰማሁ እመስላለሁ። በልቤ ግን ያን ልጅም ሻዊሹንም ራሴንም እረግም ነበር። እንደ መምሬ ታሪክ ሰዎች ብርቱ አልነበርኩም።

መከሩ አለቀ። ሰሊጡ በጆንያ ተጭኖ ሄደ፤ ሎሪዎቹም ወጣቶቹን እየጫኑ መሄድ ጀመሩ። የመጨረሻው ሐሙስ ጠዋት ልጁን ላየው ወደ ዳሱ ብቅ አልኩ። ሸራው ተነሥቷል፤ የተኛበት ሣር ብቻ ቀርቷል። ጎረቤቱ ገና ሳይነጋ በመጀመሪያው ሎሪ ሄደ አለኝ።

አልተቆጣሁም። ምነው ሳትሄድ ቀረህ ብዬ የጮህኩበት እኔ ራሴ ነኝ። ወደ ቤት ተመለስኩ። ባለቤቴ ፊቴን አይታ ነገሩ ገባት። ጋቢዬን አጠፈች፣ ላዩ ላይ በጨርቅ የቋጠረችውን ቂጣ አስቀመጠችና ሰጠችኝ። የእስር ቤቱ ወለል ሲሚንቶ ነው። ወገቧን ይዛ በሩ ላይ ቆመች፣ እኔም ዞሬ እንዳላያት ቶሎ ቶሎ ሄድኩ።

መንገዱ ያን ቀን ረዘመብኝ። የወህኒው ጠባቂ ትዝ አለኝ፤ ድምፁን የሰማው በጊዜ ነበር። እኔ በዚያ ባዶ የሰሊጥ ማሳ ላይ የምሰማው የራሴን ጫማ ብቻ ነው።

ሻዊሹ ከኒሟ ሥር ነበር። ጋቢውንም ቋጠሮውንም አየ።

"ይህ ምንድነው?"

"ልገባ ነው የመጣሁት" አልኩት። "ልጁ የለም።"

ሻዊሹ ብርጭቆውን አነሣና ሥሩ ያለችውን መታወቂያዬን ገፋ አደረገልኝ። ሻይ የነካት ክብ ነገር ላይዋ ላይ አለ።

"ንጋት ላይ ሎሪውን አስቁሞ ወረደ" አለኝ። "ሾፌሩ ጥሩምባውን ይነፋል፣ ሰዉ ከላይ ሆኖ ይሰድበዋል። እሱ መጥቶ እዚያ ቆመ።" ሻዊሹ ከወንበሩ ተነሣ፤ ሁለት ጊዜ ሳያስብ ተነሣ። ጣቢያው በር ላይ ሄዶ እጁን ከጎኑ አድርጎ ቀጥ ብሎ ቆመና ልጁ እንደሚለው አድርጎ "አለሁ" አለ። "እንዲህ አለኝ። ከዚያ መታወቂያህን በጣቱ አሳየኝ። ኻላስ፣ በቃ፣ እሰጠዋለሁ አልኩት። ሮጦ ተሳፈረ።"

ቁጭ አልኩ። ወንበር ስላልነበረ መሬት ላይ ነው የተቀመጥኩት። አለቀስኩ፤ ሻዊሹም ዘወር ብሎ ሻይ ቀዳልኝ።

"ወዴት እንደሚሄድ ነግሮሃል?" አልኩት በኋላ።

"አልጠየቅኩትም" አለኝ። "ብጠይቀው ኖሮ ልይዘው ይገባኝ ነበር።"

ቂጣውን ለሁለት ቆርሰን ከሻዩ ጋር በላነው። በማግሥቱ ባለቤቴን ይዤ ገዳሪፍ ሄድኩ፤ በየኬላው ያችን የሻይ ክብ ያለባትን መታወቂያ እያሳየሁ አለፍን፣ ፈረምኩላት፣ ድናለች። ለመምሬም ዳኞቹ ልከዋል አልኳቸው።

ያ ሎሪ የሄደበት መንገድ ግን ጦርነት አለበት፣ ከሻ አለበት። ሐሙስ ጠዋት ሲሆን አሁንም ሥራዬን አቁሜ ወደ መንገዱ አያለሁ። እዚያ በሄደበት አገር በሩ ላይ ሲቆም ቀና ብሎ የሚያየው ሰው ይኑር አይኑር አላውቅም።